ነርቭ ተቀጥሎ ሽንት ይመለሳል ወይ? (ከባሕር ዳር የተጠየቀ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ታናሽ ወንድሜ የዛሬ ሦስት ዓመት እዚሁ ባሕር ዳር ከሕንጻ መወጣጫ ላይ ወድቆ አከርካሪው ተጎዳ። ጉዳቱ 10ኛው የደረት አከርካሪ ላይ ነው። በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ፣ ህብለ ሰረሰሩ፣ ሙሉ በሙሉ ተጎድቷል ተብለናል። ከእምብርቱ በታች አይሰማውም፣ አይታዘዝለትምም። እግሩን እንደምንም ለመድነው። ያልለመድነው ሽንቱን ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመዳችን ነርቭን ከነርቭ ሰፍተው ሽንትን የሚመልሱበት ኦፕራሲዮን አለ ብሎ ጻፈልን። የእግሩን ቆዳ ቧጨር ሲያደርገው ሽንቱ ይመጣል አለ። ለዚህ ብለን የእናታችንን ቤት ልንሸጥ እየተመካከርን ነው። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩን። እውነት ነው ወይስ ተረት?

ይህን የለጠፍኩት በጥር መጨረሻ ነበር። እስካሁን 24 መልስ መጥቷል። ክሩ ረዝሟል፤ መሀል ላይም ስለ ቤት ዋጋና ስለ እምቦጭ ተወርቶበታል። አዲስ የሚገባ ሰው እንዳይደናገር ከነተራ ቁጥሩ ልተርከው። ያዛባሁት ካለ እረሙኝ።

መልስ 1 ከአንዲት እናት ነው። እግዜር ይማርላችሁ ብለው ገቡና ጠበል ወስደነው እንደሆነ ጠየቁ። መድኃኒቱን አስጥላችሁ ውሰዱት አላሉም፤ እንዲያውም ሁለቱን አብረን እንድናስኬድ ነው የመከሩት። ይህን የማነሳው በኋላ መልስ 5 ላይ ያለፍርዳቸው ስለተወቀሱ ነው።

መልስ 2 አንድ መስመር ናት። እግሩ በራሱ ይንፈራገጣል ወይ የምትል። አዎ፣ ማታ ማታ ብርድ ልብሱን እስኪጥል ድረስ አልኩ። ጠያቂው ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም። ጥያቄው ግን ከሁሉም የረባው እንደነበር የገባኝ መልስ 6 ላይ ስደርስ ነው።

መልስ 3 ደብረ ታቦር መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ስምንት ዓመት በዊልቸር የኖረ ሰው ነው። ልብስ ሰፊ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ቱቦው እላዩ ላይ ተተክሎ፣ ከረጢቱን ሱሪው ሥር አስሮ ነው ያሳለፈው። ፊኛው ውስጥ ጠጠር ተፈጠረ፤ ትኩሳቱ አላስቀምጥ አለው። ከዚያ አንዲት ነርስ ራሱ ካቴተር አስገብቶ፣ ሽንቱን አውጥቶ፣ ወዲያው ቱቦውን መንቀል አስተማረችው። በቀን አምስት ጊዜ ያደርገዋል። ዕቃውን በብስኩት ቆርቆሮ ይዞ ይዞራል። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ቆርቆሮው ተከፍቶ ሾፌሩ ምን እንደሆነ ቢጠይቀው፣ የልብስ መስፊያ ዕቃ ነው ብሎ አለፈ። ስለ ኦፕራሲዮኑ አንድም ቃል አልጻፈም። ያኔ ጥያቄዬን የሸሸ መስሎኝ ነበር።

መልስ 4 ውጭ አገር የሚኖር ሰው ነው፤ ክሩን ያሞቀው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ክሊቭላንድ ውስጥ የተሠራ የአይጥ ሙከራ አመጣ። የአይጦቹን ህብለ ሰረሰር ሙሉ በሙሉ ቆርጠው፣ ከጎድን አጥንቶች መሀል በወሰዱት ነርቭ ክፍተቱን እንደ ድልድይ ሞሉት። ጠባሳውን የሚያሟሟ ኤንዛይምና ነርቭን የሚያሳድግ ንጥረ ነገርም ጨመሩበት። ከወራት በኋላ አይጦቹ መራመድ አልቻሉም፤ ሽንታቸውን ግን በተሻለ ሥርዓት መሽናት ጀመሩ። ይህ እውነት ነው። የሰውየው ችግር ዜናውን ከእኔ ጥያቄ ጋር መደባለቁ ነው። እኔ የጠየቅሁት ስለ ሌላ ኦፕራሲዮን ነበር።

መልስ 5 ይህን አየና ተቆጣ። አይጥና ሰው አንድ እንዳልሆኑ፣ የተቸገረን ቤተሰብ በአይጥ ወሬ ቤት ማሸጥ ነውር እንደሆነ ጻፈ። እዚያ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። መልስ 1 ላይ ያሉትን እናት ጨምሮ ወረፈ፤ ጠበልም የአይጥ ሙከራም አንድ ነው ዓይነት ነገር። እናትየው በዚያው ጠፉ። አልወደድኩለትም።

መልስ 6ን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ሐኪም ናቸው። ፊኛ ሲሞላ ወሬው በህብለ ሰረሰር ሽቅብ ወጥቶ አንጎል ይደርሳል። አንጎል ቦታና ሰዓት እስኪመች ያስታግሳል። ሲመች ፊኛው እንዲጨመቅ፣ መዝጊያው ጡንቻ ደግሞ እንዲላላ ያዝዛል። መንገዱ እንደ ወንድሜ መሀል ላይ ሲቋረጥ የታችኛው ህብለ ሰረሰር ያለ አዛዥ ይቀራል። ፊኛው በራሱ ጊዜ ይጨመቃል፣ መዝጊያውም በዚያው ቅጽበት ይጠብቃል። ሽንቱ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ወደ ኩላሊት ይመለሳል። ዋናው አደጋ ልብስ መርጠቡ ሳይሆን ይሄ ነው። ድሮ አከርካሪው የተጎዳ ሰው አደጋውን ቢያመልጥ እንኳ ኩላሊቱ ነበር የሚጨርሰው።

ኦፕራሲዮኑንም አስረዱ። ከወገብ የሚወጣ የነርቭ ሥር ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ስሜት ያስገባል፣ ሌላው ትእዛዝ ያወጣል። ቀዶ ጠጋኙ አብዛኛውን ጊዜ የ5ኛውን የወገብ ነርቭ ትእዛዝ አውጪ ክፍል ይቆርጥና፣ ዝቅ ብሎ ወደ ፊኛ ከሚሄደው የነርቭ ሥር ጋር ይሰፋዋል። ስሜት አስገቢውን አይነካውም። ነርቩ አድጎ ፊኛው ጋ እስኪደርስ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ የእግሩ ቆዳ ሲቧጨር፣ ድሮ እግርን ያስፈነጥር የነበረው ትእዛዝ ፊኛው ዘንድ ይደርሳል። አንጎል የለበትም። ከጎረቤት ቤት መብራት እንደ መጥለፍ ነው ብለው አቀለሉት። መልስ 2 ስለ እግሩ መንፈራገጥ የጠየቀውም ለዚህ ነበር። የታችኛው መስመር ሕይወት ከሌለው የሚጠለፍ ነገር የለም።

ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ወረወሩልኝ። የወንድሜ ኩላሊት በአልትራሳውንድ የታየው መቼ ነው? ዝም አልኩ። ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖታል። ቤት ለመሸጥ ስንማከር ለአልትራሳውንድ አልተማከርንም።

መልስ 7 ያው የመልስ 4 ሰውዬ ነው፤ አሁን በቁጥር ታጥቆ መጣ። ኦፕራሲዮኑን የፈጠረው ሺያዎ ቹዋንጉዎ የተባለ ቻይናዊ የሽንት ቧንቧ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጽሑፍ ህብለ ሰረሰራቸው ሙሉ በሙሉ ከተጎዳ 15 ወንዶች 10ሩ አጥጋቢ የፊኛ ቁጥጥር እንዳገኙ ዘግቧል። ከ15 አሥር! እናቴ ይህን ሳነብላት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

መልስ 8 የዘረጋችውን እጅ አስወረዳት። የጻፈችው የሕክምና ተማሪ ናት። ፈጣሪው ብቻ የሚያገኘው ውጤት ገና ውጤት አይባልም፤ ሌላ ሰው ደግሞት ሲያገኘው ነው የሚታመነው ብላ ጀመረች። ከዚያ ቆጠረች። አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ አከርካሪያቸው ሳይገጥም በተወለዱ 9 ታካሚዎች ላይ ተሞከረ። በዓመቱ 7ቱ እግራቸው ሲነካ ፊኛቸው መልስ ሰጠ፤ ሙሉ በሙሉ ደረቅ የሆነ ግን አንድም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2015 የዴንማርክ ሐኪሞች ህብለ ሰረሰራቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ ሞክረው፣ የፊኛን ሥራ እንደማያሻሽል ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ እንደዚሁ ሆነው የተወለዱ 20 ሕጻናት በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የገሚሶቹ ነርቭ ተቀጠለ፤ የሌሎቹ አልተቀጠለም። የማን ምን እንደተሠራ ወላጆቹም መዛኞቹም አያውቁም ነበር። መጨረሻ ላይ ልዩነት አልተገኘም።

ክሩ እዚህ ላይ ቢዘጋ መልሴን አግኝቻለሁ። ግን የእኛ ነገር መቼ እንዲህ ይዘጋል።

መልስ 9 አከርካሪው ሳይገጥም የተወለደ ልጅ ያለው አባት ነው። ልጁ በድጋፍ ይራመዳል። ይህንኑ ኦፕራሲዮን አስቦት፣ የሚቆረጠው ነርቭ የእግርን ጡንቻ የሚያዝ መሆኑን ሲሰማ ተወው። ሚሺጋን ከታከሙት አንዱ የእግሩ መዳፍ ወድቆ፣ ቀና ሳይልለት እንደቀረ እሱም አንብቧል። ጥሩ ነገር አነሳ። እግሩ የማይንቀሳቀሰው ወንድሜ ያ ነርቭ ቢቆረጥ የሚያጣው ነገር የለም፤ ለሚራመድ ልጅ ግን ዋጋው ሌላ ነው። አባትየው በዚያው ለሚያነቡ ሴቶች ሁሉ ከእርግዝና በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ እንዲወስዱ አሳሰበ፤ ካረገዙ በኋላ ሲታወቅ ብዙ ጊዜ ይረፍዳል።

መልስ 10 እና 11 ጠብ ናቸው። መልስ 10 ሺያዎ እስር ቤት የገባ ሰው መሆኑን አመጣ። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራውን የተቹ ሁለት ሰዎችን በቅጥረኛ አስደብድቧል ተብሎ ቤጂንግ ውስጥ የአምስት ወር ተኩል እስራት ተፈርዶበታል። መልስ 11 ላይ የውጭ አገሩ ሰውዬ የሰው ጠባይና የሰው ሙያ ለየብቻ ናቸው ብሎ ተከራከረ። በመርህ ደረጃ ልክ ነው። ግን ወቃሹን በመዶሻ የሚያስደበድብ ሰው የራሱን ቁጥር ሲጽፍ እጁ አይንቀጠቀጥም ወይ ብዬ እኔም አስቤያለሁ። ደግነቱ ፍርዱን በእሱ ጠባይ ላይ መመሥረት አያስፈልገንም፤ የዴንማርኮቹና የሕጻናቱ ሙከራ ይበቃል።

መልስ 12 ደላላ ነው። ቤቱ የት ቀበሌ እንደሆነና ስንት ካሬ እንደሆነ ጠየቀኝ። በዚህ ክር ውስጥ! መልስ 13 ደግሞ ተቀብሎት፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ አጠገብ ከሆነ አትሸጡ፣ ቆዩ የሚል ምክር ሰጠ። ስለ ድልድዩ ርዝመት ሳይቀር ጽፏል፤ 380 ሜትር። አመሰግናለሁ፣ ግን ያልጠየቅሁት ነው።

መልስ 14 ነርስ ናት፤ ወደ ቁም ነገሩ መለሰችን። መልስ 3 ያለውን ደግፋ እንዴት እንደሚደረግ ዘረዘረች። እጅ በሳሙናና በውሃ፣ አካባቢውም እንዲሁ ይታጠባል። ማለስለሻ ይቀባል። በቀን ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ የሚወጣው ከግማሽ ሊትር እንዳያልፍ። ብዙ ሰው ዕቃው እንደ ኦፕራሲዮን ክፍል ካልሆነ አይሆንም ብሎ ስለሚፈራ ወደ ከረጢት ይመለሳል። ጃክ ላፒደስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳየው ግን ንጹሕ መሆኑ እንደሚበቃ ነው። ፊኛን የሚጎዳው መወጠሩና ሽንት ውስጡ መቆየቱ ነው። ቱቦው አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ቢሆንም እዚህ አገር ሰው አጥቦ ደግሞ እንደሚጠቀምበት ታውቃለች፤ አልተቆጣችም። ከደገማችሁ በደንብ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በንጹሕ ዕቃ ይቀመጥ አለች።

መልስ 15 በጣና ውሃ ይታጠባል ወይ ብሎ ጠየቀ። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልገባኝም። መልስ 16 ግን ደንግጦ፣ ጣና ውስጥ ሽንትን ደም የሚያደርግ ቢልሃርዚያ እንዳለ አስጠነቀቀ። ሐኪሙ መልስ 17 ላይ አረሙት። የጣናው ቢልሃርዚያ የአንጀት ነው። የሽንት ፊኛን የሚይዘው ዓይነት አገራችን ውስጥ ያለው በጥቂት ቆላ ቦታዎች ነው። ቢሆንም በሐይቅ ውሃ ካቴተር እንዳይታጠብ። መልስ 18 ሐይቅ የሚል ቃል ስላየ ብቻ ስለ እምቦጭ አንድ ገጽ ጻፈ። ቆረሶ ስለሚባለው ዓሣ መመናመንም አለበት። ልክ ነው፣ አንጀቴን በልቶኛል፤ ግን ሌላ ክር ይክፈት።

መልስ 19 የሕክምና ተማሪዋ ናት። በነርቭ መንገድ የሚሠራ፣ በሰው ላይ የቆየ ሌላ ዘዴ እንዳለ ነገረችን። እንግሊዛዊው ጃይልስ ብሪንድሊ የጀመረው ነው፤ የመጀመሪያው የተሳካው ተከላ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ወደ ፊኛ በሚሄዱት የነርቭ ሥሮች ላይ ኤሌክትሮድ ይቀመጣል፣ ተቀባዩ ከቆዳ ሥር ይቀበራል። ሰውየው ከውጭ ቁልፍ ሲጫን ፊኛው ይጨመቃል። በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች ተተክሏል። አብሮት ግን ስሜት አስገቢ ሥሮቹ ይቆረጣሉ፤ ፊኛው በራሱ ጊዜ መጨመቁን የሚያቆመው በዚያ ነው። ወንድ ላይ በዚያው በራሱ የሚመጣው የብልት መነሳትም ይቀራል። ይህን በግልጽ ጻፈችው። ለአንድ ቀን ሙሉ ማንም አልመለሰላትም። ወንዶቹ ሁሉ የት እንደገቡ እንጃ።

ኦፕራሲዮን የማይፈልገውንም ጨምራለች። ፊኛውን የሚያለዝብ ኪኒን አለ፤ አፍ ያደርቃል። ፊኛው ጡንቻ ላይ የሚወጋ፣ ቦቶክስ የሚባል ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒትም አለ። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ለእንዲህ ዓይነት ፊኛ ፈቅዶታል። ወራት ይቆይና ይደገማል።

መልስ 20 ሴት ናት፤ ጀርባዋን በጥይት ተመታ እግሯ ሽባ ሆኗል። ከላይ ያለው ሁሉ ስለ ወንድ መሆኑን ታዘበች። ለሴት ቀዳዳውን ማግኘት በራሱ ፈተና ነው፤ እሷ በመስታወት ተለማምዳ አሁን በዳበሳ ታገኘዋለች። መስታወት ስትገዛ ለመኳኳያ መስሏቸው ጎረቤቶቿ ደስ አላቸው። አንገታቸው ወይም የላይኛው ደረታቸው ለተጎዳም ማስጠንቀቂያ ተወች። ጉዳቱ 6ኛው የደረት አከርካሪ ላይ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ድንገት ራስን የሚፈልጥ ሕመምና የፊት ላብ ሲመጣ ፊኛ ሞልቶ ወይም ቱቦ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ደም ግፊት እስከ አደጋ ይወጣል። ቀና አድርጎ ማስቀመጥ፣ ሽንቱን ማስወጣት፣ ካልበረደ ወደ ሐኪም መሮጥ።

መልስ 21 ላይ ስደርስ እጄ ቀዘቀዘ። ወንድሜ ነው።

ክሩን ጓደኛው አሳየው። ገመናዬን አደባባይ አወጣሽው ብሎ ጀመረ፤ እታለም ብሎ የሚጠራኝ ልጅ አንቺ ብቻ አለኝ። ቤት ይሸጥ ስንል እሱን አንድም ቀን እንዳልጠየቅነው ጻፈ። እውነቱን ነው። ከዚያ የማላውቀውን ነገረኝ። ባለፈው ዓመት የካቲት 16 ለኪዳነ ምሕረት ወደ ዘጌ በጀልባ ስንሄድ፣ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ውሃ አልጠጣም ነበር። ጀልባ ላይ ሰው መሀል ሽንት እንዳያመልጠው። ስንመለስ ሳምንት ሙሉ ሲያንቀጠቅጠው እኛ ወባ ነው ብለን ነበር። ወባ አልተገኘበትም፤ ለምን እንደሆነ ግን የጠየቀ የለም። ከዚያ ወዲህም ከቤት ሊወጣ ሲል ውሃ ይተዋል። የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው። የመጸዳጃ ቤቱ በር ዊልቸር እንዲያስገባ፣ እና ካቴተሩን እናታችን ሳትሆን እሱ ራሱ እንዲያስገባው።

እኔ ምን ልመልስ። ይቅርታ ብቻ ጻፍኩ።

መልስ 22 ልብስ ሰፊው ነው፤ ቀጥታ ለወንድሜ። ለጀልባ ክዳን ያለው ሰፊ አፍ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ጉልበት ላይ ጋቢ፣ ቦታ ከኋላ ጥግ። ውሃ መተው ሽንቱን እንደሚያወፍረው፣ ለጠጠርና ለኢንፌክሽን እንደሚያጋልጠው በራሱ ላይ አይቶታል። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት መጥቶ ሊያሳየው እንደሚችልም ጻፈ። ሐኪሙ መልስ 23 ላይ ከልምምዱ በፊት አልትራሳውንዱና የኩላሊት የደም ምርመራው ይቅደም አሉ።

ሁለቱም ሆነ። አንደኛው ኩላሊቱ ትንሽ ውሃ ቋጥሯል፤ ክትትል ተጀምሯል፤ ኪኒኑም ታዞለታል። ልብስ ሰፊው ቅዳሜ መጣ። ብስኩት ቆርቆሮውን ይዞ ነበር። ሁለቱ በር ዘግተው አንድ ሰዓት ቆዩ፤ እናቴ በረንዳው ላይ ቡና አቀራርባ ጠበቀች። በሩን ለክቼዋለሁ፣ 62 ሳንቲ ሜትር ነው። ዊልቸሩ 66። ግንበኛው ሰኞ እመጣለሁ ብሎ ረቡዕ መጣ።

መልስ 24 ትናንት ማታ ገባ። ደላላው ነው። ቤቱ ተሸጠ ወይ ይላል።

አልተሸጠም። ግድግዳው ግን እየፈረሰ ነው።